የጋራውን የምርምር መረብ ለመቀላቀል ለምታስቡ ወጣት ባለሙያዎች

ውድ ልጆቼና የሙያ ባልደረቦቼ፣

ተቋማችሁን በዓለም አቀፍ የኔትወርክ ምርምር መድረክ ላይ አባል ለማድረግ ማመልከቻ ልታዘጋጁ መሆኑን ለመንገር እዚህ አዳማ፣ ቤቴ ድረስ በመጣችሁ ዕለት የተሰማኝ ደስታ እስካሁን አልበረደም። ያን ዕለት ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ አባል ስንሆን ምን እናገኛለን ብላችሁ ነበር። በቃል ያልጨረስኩትን መልስ አሁን በጽሑፍ ልጨርሰው።

በገጠር ያደገ ሰው ደቦና ወንፈል የተለያዩ መሆናቸውን ያውቃል። ደቦ የጠራ ሰው አብልቶና አጠጥቶ ያሠራል፤ ወንፈል የገባ ግን ዛሬ በማሳው ላይ የዋሉለትን ሰዎች ነገ በየማሳቸው ተገኝቶ በጉልበቱ ይመልሳል። የጋራ የኔትወርክ ምርምር መድረክ ወንፈል ነው፤ እያንዳንዱ ተቋም ማሽን ያዋጣል፣ በምላሹም ተመራማሪዎቹ ኢንተርኔትን ለማጥናት በሌሎቹ ማሽኖች ይሠራሉ።

የዚህ ዓይነት ሥራ ታላቅ ምሳሌ የሆነው ፕላኔትላብ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲጀመር፣ የፕሪንስተኑ ላሪ ፒተርሰንና የበርክሌዩ ዴቪድ ከለር ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ። የመጀመሪያዎቹን 100 ማሽኖች ኢንቴል ሰጠ፤ ከዚያ በኋላ መረቡ ከ1,000 በላይ ማሽኖች የደረሰው በዋናነት አባል ተቋማት የየራሳቸውን ማሽን እያቆሙ ስለጨመሩበት ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ ለመቀላቀል ቢያንስ ሁለት ሰርቨሮችን በራሱ ግቢ ያቆም፣ ቋሚ አይፒ አድራሻ (ማሽኑ በኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) ይመድብላቸው፣ የመብራቱንና የባንድዊድዙን (የኢንተርኔት አቅሙን) ወጪ ይሸፍን ነበር፤ ተቋሙን ወክሎ የመፈረም ሥልጣን ያለው ኃላፊም ስምምነቱን ይፈርም ነበር። ከዚህ ሌላ ሁለት ሰዎች በስም ይሰየሙ ነበር፤ አንዱ ለተቋሙ ተመራማሪዎች ሥራ ኃላፊነት የሚወስድ መምህር፣ ሌላው ማሽኑ መሥራት ሲያቆም የሚጠራ የቴክኒክ ተጠሪ። በምላሹ የተቋሙ ተመራማሪዎች ‹ስላይስ› የሚባለውን፣ በብዙ አገሮች ባሉ ማሽኖች ላይ በአንድ ጊዜ የተዘረጋ የመሥሪያ ድርሻ ያገኙ ነበር። ማሽኖቹን ለረጅም ጊዜ አጥፍቶ የተወ አባል ግን አዲስ ስላይስ የመክፈት መብቱን ያጣ ነበር። ያ መድረክ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2020 ቢዘጋም፣ የአባልነቱ አካሄድ ዛሬም ማመልከቻ ለሚጽፍ ሰው የሚያስተምረው ብዙ ነው።

ከሁሉ አጥብቄ የምነግራችሁ ስለ ማሽኑ ቦታ ነው። እንዲህ ያለ ማሽን በእናንተ ራክ (የሰርቨር መደርደሪያ) ላይ ይቀመጣል እንጂ የሚታዘዘው ለእናንተ አይደለም፤ ሶፍትዌሩን ከሩቅ የሚያስተዳድረው የመድረኩ ማዕከል ነው፣ የሚሠሩበትም ፈጽሞ የማታውቋቸው ተመራማሪዎች ናቸው። የኔትወርኩ ልኬት ትክክል እንዲሆንም ማሽኑ ብዙ ጊዜ ከፋየርዎሉ (የተቋሙን ኔትወርክ ከውጭ ጥቃት ከሚከላከለው አጥር) ውጭ መቀመጥ አለበት። ይህን ለአይሲቲ ዳይሬክተራችሁ ፊርማው ከመጠየቁ በፊት ንገሩት። ማሽኑ የተማሪ ውጤትና የፋይናንስ መረጃ የሚተላለፍበትን ኔትወርክ በምንም መንገድ እንዳያይ በስዊቹ (የኔትወርክ ገመዶች በሚገናኙበት መሣሪያ) ላይ ለብቻው ለዩት፣ አቀማመጡንም በወረቀት ላይ ሣሉት። በፍርሃት እምቢ የሚል ኃላፊ ሥዕሉን ሲያይ የሚለሰልስበትን ጊዜ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ፍርሃቱም አግባብ ስላለው በንቀት አትመልሱት።

ቅሬታም ይመጣል። የሌላ አገር ተመራማሪ በእናንተ ማሽን ላይ ሙከራ ሲያካሂድ፣ ከእናንተ አይፒ የወጣ ያልተለመደ ፓኬት (በኔትወርክ የሚላክ የመረጃ ቁራጭ) ያየ ሰው የሚጽፈው ለተቋማችሁ ነው። ፕላኔትላብ የትኛው ፓኬት ከየትኛው ስላይስ እንደወጣ የሚመዘግበው ለዚህ ነበር። እናንተም ምዝግቡን ተመልክታችሁ በጨዋነትና በፍጥነት መልስ ስጡ፤ መልስ ያጣ ቅሬታ ወደ በላይ ኃላፊዎች ሲደርስ የመጀመሪያው ትእዛዝ ማሽኑን ንቀሉት የሚል ይሆናል።

የራሴን ጥፋት ሳልነግራችሁ ብቀር ምክሬ ጎደሎ ይሆናል። ቀደም ሲል በሠራሁበት ተቋም አንዲት ትንሽ የልኬት መሣሪያ አስመዝግበን ነበር። በተማሪዎች ምዝገባ ሰሞን መሣሪያዋ ያለችበት ክፍል ለሌላ ሥራ ተፈለገና አንድ ሰው ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ ሶኬቷን ነቀለ። በላይዋ ላይ ምን እንደሆነች የሚገልጽ ጽሑፍ ስላልለጠፍንባት በእርሱ አልፈርድም። መቋረጧን የሚገልጸው ኢሜይል ይሄድ የነበረው ሥራ ለቆ ወደ ሄደ ባልደረባችን የግል አድራሻ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጨለማ ውስጥ ቆየች፤ የእነዚያ ሳምንታት ልኬት ዛሬም ባዶ ነው፣ ማንም መልሶ ሊሞላው አይችልም። ስለዚህ የምታስመዘግቡት አድራሻ የሥራ ክፍሉ የጋራ ኢሜይል ይሁን፣ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ያንብቡት። መሣሪያውን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ባትሪ) ላይ ሰኩት፣ በገመዱም ላይ ‹አይነቀልም› የሚል ወረቀትና የሚደወልበትን የቢሮ ስልክ ለጥፉ። አዳማ ሞቃትና አቧራማ ከተማ በመሆኗም የሰርቨሩን ማራገቢያ በየጊዜው አጽዱ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ ከትንሹ እንድትጀምሩ እመክራለሁ። በአውሮፓና በአካባቢዋ የአይፒ አድራሻዎችን የሚያከፋፍለው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ አምስተርዳም የሆነው ራይፕ ኤንሲሲ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረው ራይፕ አትላስ ለፈቃደኛ አስተናጋጆች በእጅ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ የልኬት መሣሪያ ይሰጣል፤ ከኔትወርክ ገመድና ከዩኤስቢ ኃይል ሌላ ብዙም አትፈልግም። ተገናኝታ በቆየች ቁጥር ለአስተናጋጁ ክሬዲት (የመጠቀሚያ ነጥብ) ይጠራቀማል፣ በዚያ ክሬዲትም በሌሎች አገሮች ባሉ መሣሪያዎች ላይ የራሳችሁን ልኬት ታካሂዳላችሁ። ከአዳማ ተነስቶ ናይሮቢ የሚደርስ ፓኬት በቀጥታ ይሄዳል ወይስ አውሮፓን ዞሮ ይመለሳል የሚለውን አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ አዘጋጅ ከወንበሩ ሳይነሳ መመርመር ይችላል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከዚህ ሆኖ የሚመልስ ሰው ማየት የዘወትር ምኞቴ ነው።

ተቋማችሁ በኢትዮጵያ የትምህርትና የምርምር ኔትወርክ በኩል የሚገናኝ ከሆነ፣ የአይፒ አድራሻውን ጉዳይ ወደ ውጭ ከመጻፋችሁ በፊት ከእነርሱ ጋር ተነጋገሩ። ይህ ኔትወርክ የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ ክፍለ አህጉር የምርምር ኔትወርኮችን የሚያሰባስበው የኡቡንቱኔት አሊያንስ አባል በመሆኑ፣ ከሌሎች አገሮች ባለሙያዎች ጋር ለመገናኘትም በር ይከፍትላችኋል።

የማመልከቻውን ረቂቅ፣ የስዊቹን ሥዕልና የሁለቱን ተጠሪዎች ስም ይዛችሁ ኑ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቤት አልጠፋም፣ አብረን መስመር በመስመር እናየዋለን።