«ስኳሩ ከምን መጣበት?»

ሰሞኑን ፒያሳ ማኪያቶ ስንጠጣ አንዲት ወጣት ሐኪም፣ «ዶክተር፣ ወላጆች ‹ስኳሩ ከምን መጣበት?› ሲሉኝ ግራ ይገባኛል» አለችኝ። ቤቴ ከገባሁም በኋላ ጥያቄዋ አላስተኛኝም።

ተለማማጅ ሐኪም ሳለሁ ነው። አንዲት እናት ትንሽ ልጇን አቅፋ መጣች። ከስቷል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ትንፋሹ አሴቶን አሴቶን ይሸታል። ታይፎይድ ነው ተብሎ መድኃኒት ሲውጥ ነበር የከረመው። ሌሊት አልጋ ላይ መሽናት ሲጀምር አያቱ ስንፍና መስሏቸው ገርፈውታል። በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽና ኢንሱሊን ምን እንደሚያደርጉ ያየሁት ያኔ ነው፤ በማግስቱ ተነስቶ ዳቦ ጠየቀ። ሐኪሞች በየአልጋው ሲዞሩ እናትየው «ከምን መጣበት?» አለች። ትልቁ ሐኪም ከካርዱ ቀና ሳይሉ፣ «ጣፋጭ አብዝታችሁበት ይሆናላ» አሏት።

ሴትየዋ ከረሜላና ብስኩት የምትሸጥባት ትንሽ ሱቅ ነበረቻት። ለቀጠሮ ስትመጣ ዘግታዋለች። «ልጄን የመረዝኩት በሷ ነው» አለችኝ። የኢንሱሊን መርፌው ገንዘብ የሚወጣው ግን ከዚያችው ሱቅ ነበር! በዚያ ዘመን የትልቅ ሐኪም ቃል አይታረምም። ሱቋ ተዘግታ ቀረች።

ልጁን የያዘውን ዓይነት 1 ስኳር ከረሜላም ሆነ ድንጋጤ አያመጣውም። የሰውነት መከላከያ የራሱን ቆሽት ያጠቃል (አውቶኢሚዩን የሚባለው ይህ ነው)፤ ኢንሱሊን የሚሠሩት ሴሎች ቀስ በቀስ ያልቃሉ። ዘር መንገድ ይከፍታል፣ ቫይረስም ይጠረጠራል። ይሁንና አብዛኞቹ ልጆች ቤተሰባቸው ውስጥ በሽታው የለም። ከተመሳሳይ መንትዮች እንኳ አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ ሆኖ ሊኖር ይችላል። «በማን ወገን መጣ?» ለሚሉ ባሎች ይህችን ንገሩልኝ።

የዛሬ ወጣት ሐኪሞች ከኛ ይበልጥ ታውቃላችሁ። ግን «አውቶኢሚዩን ነው» ብላችሁ ስልካችሁ ላይ ታቀረቅራላችሁ። መጀመሪያ «እናት፣ አንቺ ያመጣሽው አይደለም» በሏት። ማብራሪያው ይደርሳል። እርግጥ አንድ መካኒክ አባት ቆሽትን በወረቀት ስዬ እስካሳየው ድረስ አላመነኝም ነበር፤ እንደ ሰዉ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ኢንሱሊን ከተጀመረ በኋላ ብዙ ጊዜ በቆሽት ውስጥ የቀሩት ሴሎች ለጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ያንሰራሩና የመርፌው መጠን ይቀንሳል። ያኔ ወላጆች «ጣፋጭ ስላስተውነው ዳነ» ወይም «ጠበሉ ሠራ» ብለው መርፌውን ያቆማሉ። ልጁም ራሱን ስቶ ይመጣል። ጠበሉን አትከልክሉ፣ ትጣላላችሁ። መርፌው ግን ለአንድ ቀንም እንዳይቋረጥ፣ ገና ከዋርድ ሳይወጡ አያትየው ባሉበት ንገሯቸው።