የእናት ክኒን የዋጠው በረኛ

ጥያቄ፦ ልጄ ኮምቦልቻ ላይ በረኛ ነው። ራሱን ቢያመው ረከቦቱ ሥር ያኖርሁትን የእግር እብጠት ክኒኔን፣ ፍሮሴማይድ የሚሉትን፣ በማስታገሻ ፈንታ ዋጠው። ጓደኞቹ «ትታገዳለህ» ብለው አስፈራርተውት እህል አልቀምስም አለ። ሳያውቅ ያደረገውም ያስቀጣል? (ከደሴ)

መልስ፦ ያስቀጣል፣ እናቴ። በሰውነቱ ለተገኘው የተከለከለ መድኃኒት ሁሉ ተጠያቂው ተጫዋቹ ነው። የካሜሩኑ በረኛ አንድሬ ኦናና የባለቤቱን ክኒን በስህተት እንደዋጠ ቢያስረዳም፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2021 ለ12 ወራት ታገደ፤ በይግባኝ 9 ሆነለት። መድኃኒቱ ያው የእርስዎ ፍሮሴማይድ ነበር። ጉልበት አይጨምርም እኮ! የተከለከለው ሽንት አብዝቶ ሌላውን አበረታች ቅመም ከምርመራ ስለሚደብቅ ነው። ልጅዎ ግን ገና ማንም አልመረመረውም። ዛሬውኑ የክኒኑን ማሸጊያ ይዞ ለቡድኑ ሐኪም ይንገር፤ ጓደኞቹን አይስማ። ከሁሉ በፊት ግን ምሳውን ይብላ።