ስኳሩ ቀለጠ ወይስ ሟሟ?

ጥያቄ፦ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ «ስኳሩ ውሃው ውስጥ ቀለጠ» እያሉ ይጽፋሉ። ላርማቸው ወይስ ልተዋቸው? ሳሙናስ የውሃን «የገጽ ውጥረት» ይቀንሳል ልበል ወይስ «የገጽ መወጠር»?

መልስ፦ ሻይ ላይ ከሆነ ይተዉአቸው። «ስኳሩ አልቀለጠም፣ አማስለው» ሲባል ሁላችንም እንግባባለን። ቤተ ሙከራ ውስጥ ግን ያርሟቸው። ለመቅለጥ ሙቀት ብቻ ይበቃል፤ ለመሟሟት ግን የሚያሟማ ፈሳሽ ያስፈልጋል። የገበታ ጨው የሚቀልጠው 801 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው። የሚሟሟው ግን በቀዝቃዛ ውሃም ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ «ሟሟ» ብቻውን ብዙ ይደብቃል። 9 ቮልት ባትሪ፣ ሬዚስተርና ትንሽ የኤል ኢ ዲ መብራት ያገናኙ። ሁለቱን ጫፎች ዲስትልድ ውሃ ውስጥ ይንከሩ (የቧንቧ ውሃ አይሆንም፣ የራሱ ጨው አለው)። ስኳር ቢጨምሩበት መብራቱ ጭልም እንዳለ ይቀራል። በሌላ ብርጭቆ ጨው ቢጨምሩ ቦግ ይላል። ሁለቱም ሟሙ፤ ጨው ግን ወደ አዮኖች (የኤሌክትሪክ ሙል ወዳላቸው ቅንጣቶች) ተነጣጠለ፣ የስኳር ሞለኪውል ሳይነጣጠል ቀረ። አቼቶ ውስጥ ያለው አሴቲክ አሲድ ደግሞ መሀል ላይ ነው። በሊትር 0.1 ሞል (ሞል የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ ነው) ሲሆን፣ ከ100 ሞለኪውል የሚነጣጠለው አንድ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ተማሪው ኤሌክትሪክ ስለማስተላለፍ ሲጽፍ «ሟሟና ተነጣጠለ»፣ «ሟሟ ግን አልተነጣጠለም»፣ «ሟሟ፣ በጥቂቱም ተነጣጠለ» ብሎ ይለይ። አማርኛችን ለዚህ ምንም አያንሰውም።

ለሁለተኛው ጥያቄ፣ የፈሳሹ ገጽ እንደ ተወጠረ ስስ ቆዳ መሆኑን «የገጽ ውጥረት» ይበሉት። መወጠር ድርጊቱ ነው፤ ውጥረት ግን ሁኔታው ነው፣ በቁጥር የሚለካውም እሱ ነው። የንጹህ ውሃ የገጽ ውጥረት 25 ዲግሪ ላይ 72 ሚሊኒውተን በሜትር ያህል ነው። ብዙ ሻምፖ ውስጥ የሚገባው ሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌት ሲጨመርበት ከ40 በታች ይወርዳል። «ውጥረቱ ረገበ» ማለትም ያምራል፤ ቁጥር ሲከተል ግን «ቀነሰ» ይሻላል።

እዚሁ ላይ ሦስተኛ ግስ ያስፈልግዎታል። የሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌቱ መጠን በሊትር 8 ሚሊሞል ገደማ ሲደርስ የገጽ ውጥረቱ መቀነሱን ያቆማል። የውህዱ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅምም ማደጉን ባያቆምም አዝጋሚ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚጨመሩት ሞለኪውሎች ውሃ ውስጥ እየተቧደኑ ክብ ክብ ስብስብ ይሠራሉ። ይህን «ሟሟ» ብለው አይለፉት፤ «ተሰባሰበ» ይበሉ።