የሚና ጨዋታን በኢንተርኔት ለማጫወት ከየትኛው መሣሪያ ልጀምር? ለሚለው ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ጠያቂያችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚና ጨዋታ (እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ታሪክ በጋራ የሚፈጠርበት ጨዋታ) ሲያጫውቷቸው የነበሩ አራት ጓደኞችዎ በየፊናቸው ስለተበተኑ ጨዋታውን በኢንተርኔት ለመቀጠል እንዳሰቡ፣ ነገር ግን የመሣሪያው ብዛት ግራ እንዳጋባዎት ጽፈዋል። እኔ ለስድስት ዓመታት ያህል በዚህ መንገድ ስላጫወትኩ ያየሁትን ላካፍልዎ። አዲስ መሣሪያ ባገኘሁ ቁጥር አስቀድሜ ራሴን የምጠይቀው «ይህን የሚማረው ማን ነው?» ብዬ ነው። አጫዋቹ (ታሪኩን የሚመራው ሰው) በራሱ ኮምፒውተር ላይ የፈለገውን ያህል ቢደረድር ማንንም አያስቸግርም፤ ተጫዋቾች እንዲማሩት የሚገደዱት ነገር ግን በተቻለ መጠን ጥቂት መሆን አለበት።

ይህን የተረዳሁት ከተሳሳትኩ በኋላ ነው። የመጀመሪያዋን ምሽት ለማሳመር ሁለት ሳምንት ሙሉ ካርታ ሳዘጋጅ፣ ግድግዳና ብርሃን ሳስተካክል፣ የእያንዳንዱን ጭራቅ ቁጥር ስሞላ ሰንብቼ ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ግን ከሦስቱ ሰዓት ሁለቱ አካውንት በመክፈትና «ዳይሱ የት ነው ያለው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ በመስጠት አለቁ፤ በስልክ የገባችው ተጫዋች ደግሞ ካርታውን ጨርሶ አላየችውም። በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉን ትቼ በድምፅ ብቻ አጫወትኳቸው፤ ታሪኩ በእርግጥ የተጀመረው ያን ዕለት ነው።

ስለዚህ ከድምፅ ይጀምሩ። ዲስኮርድ የድምፅና የጽሑፍ ቻናሎችን በአንድ ቦታ ይሰጣል፤ እያንዳንዱ አድማጭ የሌላውን ድምፅ ለራሱ ብቻ ከፍና ዝቅ ማድረግ ይችላል፤ የጨዋታውን ቀጠሮ በውስጡ ሲያስመዘግቡም ለሁሉም በየራሱ ሰዓት ስለሚታየው በተለያየ የሰዓት ክልል ለሚኖሩ ሰዎች ትልቅ እፎይታ ነው። አካውንት መክፈት የማይፈልግ ካለ ጂትሲ ሚት ጥሩ ምትክ ነው፤ አስተናጋጁ ክፍሉን ከከፈተ በኋላ እንግዶች በሊንክ ብቻ በብራውዘር ይገባሉ። ከሶፍትዌሩ ሁሉ በፊት ግን እያንዳንዱ ሰው የጆሮ ማዳመጫ እንዲያደርግ አጥብቀው ይጠይቁ። በአካል ተቀምጠን ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ቢናገር ጆሯችን ይለያቸዋል፤ በኢንተርኔት ግን አንዱ ድምፅ ሌላውን ይውጠዋል። እኔም በዚህ ምክንያት ተራ የሚደርሰውን ሰው በስሙ መጥራት ልማዴ ሆኗል።

የምትጫወቱት ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን ታዋቂ የሚና ጨዋታ አምስተኛ እትም ከሆነ፣ አቭሬ የተባለው የዲስኮርድ ቦት (በቻናሉ ውስጥ ትእዛዝ ተቀብሎ የሚሠራ ፕሮግራም) ዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ በተባለው የጨዋታው ድረ ገጽ ላይ የተሞላውን የገጸ ባሕርይ ቅጽ (የገጸ ባሕርዩ ችሎታና ቁጥሮች የሚጻፉበትን) አንብቦ ዳይሱን ይጥላል፣ ድምሩንም ይሠራል። የዚህ እትም መሠረታዊ ሕጎች ከጥር 2023 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ የወጡ ስለሆኑ በብዙ መሣሪያዎች ውስጥ በነጻ ይገኛሉ። እውነተኛ ዳይስ በእጁ መጣል የሚወድ ተጫዋች ካለ አይከልክሉት፤ ባለ 20 ፊቱ ዳይስ የአንድን ገጸ ባሕርይ ሕይወት በሚወስንበት ቅጽበት ግን ውጤቱን ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢያየው ደስታው እጥፍ ይሆናል።

ወደ ካርታ ስንመጣ፣ ለጀማሪ የምመርጠው አውልቤር ሮዲዮን ነው። ተጫዋቾች ያለ አካውንት በሊንክ ይገባሉ፣ እርስዎ ካርታውን ጭነው ያልተደረሰበትን ክፍል በጭጋግ ይሸፍናሉ፣ ከዚህ ያለፈ የሚማሩት ነገር ብዙም የለም። ቅጽን፣ ዳይስንና ካርታን በአንድ ላይ ከፈለጋችሁ ከ2012 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ ያለው ሮል 20 በብራውዘር ይሠራል፤ ለብዙ ዓይነት ጨዋታዎችም የተዘጋጁ ቅጾች አሉት።

ፋውንድሪ የተባለውን ተመሳሳይ የካርታና የቅጽ ፕሮግራም ዛሬ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ቢሆንም ለመጀመሪያው ወር አልመክረውም። ፈቃዱን አጫዋቹ ብቻ አንድ ጊዜ ይገዛል፣ ተጫዋቾች ምንም አይከፍሉም፤ ነገር ግን ፕሮግራሙ የሚሠራው በእርስዎ ኮምፒውተር ወይም በተከራዩት ሰርቨር ላይ ነው። በቤትዎ ኮምፒውተር ከሆነ በራውተሩ ላይ ፖርት 30000ን (ከውጭ የሚመጣው ግንኙነት የሚገባበትን በር) መክፈት ይኖርብዎታል፤ አገልግሎት ሰጪው አንድን የኢንተርኔት አድራሻ ለብዙ ደንበኞች የሚያካፍል ከሆነ ግን ይህም አይረዳም፣ ሰርቨር መከራየት ይሻላል። ደግሞም ካርታው ወደ ሁሉም የሚሄደው ከእርስዎ መስመር ነው፤ 20 ሜጋባይት የሚመዝን ሥዕል ለአራት ሰው ሲላክ 80 ሜጋባይት ይሆናል። እኔ ካርታዎቼን ሁሉ ወደ ዌብፒ (መጠኑ አነስ ወዳለ የሥዕል ፋይል ዓይነት) ከቀየርኩ በኋላ «አሁንም እየጠበቅሁ ነው» የሚለው ቅሬታ ቀርቷል።

ለማስታወሻ ኦብሲዲያንን እጠቀማለሁ፤ ጽሑፉ በራሴ ኮምፒውተር ላይ ተራ ፋይል ሆኖ ይቀመጣል፣ የአንድን መንደር ስም ስነካም እዚያ የሚኖሩት ሁሉ ይወጡልኛል። ተጫዋቾች ይህን ማየት አያስፈልጋቸውም። ሙዚቃን በማይክሮፎን አያሰሙ፣ የዲስኮርድ የጩኸት መቀነሻ ይቆራርጠዋል፤ ኬንኩ ኤፍኤም የተባለው ፕሮግራም ሙዚቃውን በቦት በኩል ስለሚያስገባ የከበደው ሰው ለራሱ ይቀንሰዋል።

ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ምሽቶች ዲስኮርድና አውልቤር ሮዲዮ ይበቁዎታል። የትኛውን የጨዋታ ሕግ እንደምትከተሉና ከአራቱ ስንቱ በስልክ እንደሚገቡ ቢጽፉልኝ ለቅጹ የሚስማማውን ለይቼ እነግርዎታለሁ።