መሣሪያውን ከመፈለግዎ በፊት የፍግ ክምሩን ያንሡ

ጥያቄ፦ የጉድጓድ ውኃዬ ሲመረመር በሊትር 100 ሚሊግራም ገደማ ናይትሬት ተገኘበት። ዝናብ በጣለ ማግስት ውኃው ይሸታል። ከማሳው ማዶ ያለው የጎረቤቴ ጉድጓድ ግን ደኅና ነው። ናይትሬትን በኤሌክትሪክ ወደ አሞኒያ የሚቀይር መሣሪያ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። ውኃውም ይጠራል፣ ማዳበሪያም አገኛለሁ ብዬ ነው። ጉድጓዱ በረቱ አጠገብ ስለሆነ ከብቶቼም የሚጠጡት ከዚያው ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ስለ መሣሪያው ከጻፉት ይልቅ እግረ መንገድዎን የጠቀሱት ሽታ ትኩረቴን ሳበው። ናይትሬት ከፍግም ከማዳበሪያም የሚመጣ የናይትሮጂን ውህድ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከዝናብ በኋላ የሚሸተው ሌላ ነገር ነው። ጥፋቱ ማሳ ላይ የተበተነው ዩሪያ ቢሆን ኖሮ የጎረቤትዎም ጉድጓድ ባልተረፈ ነበር። ስለዚህ የምጠረጥረው ጨርሶ ያላነሡትን የፍግ ክምር ነው። በረት ባለበት ክምር አይጠፋም። ከጉድጓዱ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ያውም በላይ በኩል ሳይሆን አይቀርም።

መሣሪያውን በተመለከተ የሰሙት እውነት ነው። ተመራማሪዎች መዳብን፣ ኮባልትንና መሰል ብረቶችን ካታሊስት፣ ማለትም የኬሚካል ለውጥ አፋጣኝ አድርገው ናይትሬትን በኤሌክትሪክ ወደ አሞኒያ ይለውጣሉ። ነገር ግን አሞኒያው ውኃው ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል፤ እሱን መለየት ሌላ ሥራ ነው። ደግሞስ ምን ያህል ሊያገኙ ነው? ከውኃዎ በሊትር የሚገኘው ናይትሮጂን 23 ሚሊግራም አይሞላም። 50 ኪሎ ዩሪያ የሚይዘውን 23 ኪሎ ናይትሮጂን ለማግኘት አንድ ሚሊዮን ሊትር ያህል መቅዳት ይኖርብዎታል! ሰብል ናይትሬትን እንዳለ ይመገባል፤ አሞኒያንም ቢጨምሩለት የአፈር ባክቴሪያዎች መልሰው ናይትሬት ያደርጉታል። ውኃውን በቀጥታ ለመስኖ ቢያውሉት ያለ መሣሪያ ያንኑ ጥቅም ያገኛሉ።

አሁን ወደ ክምሩ። ክረምት ሳይገባ ከጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር ወደሚርቅ፣ ከእሱም ዝቅ ወዳለ ቦታ ያዛውሩት። መሬቱን በሸክላ አፈር ደልድለው በደንብ ይጠቅጥቁ። በላይ በኩል ጎርፉን የሚመልስ ትንሽ ቦይ ይቅደዱ። በረቱ ውስጥ ደረቅ ገለባ ይጎዝጉዙ፤ ሽንቱን መጥጦ የሚይዘው እሱ ነው፤ አብዛኛው ችግርም የሚመጣው ከሽንቱ ነው። ገለባውን ከፍጉ ጋር ቀላቅለው ይከምሩና በሣር ወይም በላስቲክ ይሸፍኑት። የአሮጌው ክምር ሥር ያለውን ጥቁር አፈር መጥረግዎን አይርሱ፤ እሱ ከቀረ ዝናቡ ማጠቡን ይቀጥላል። ጠርገው ማሳዎ ላይ ይበትኑት፤ በቦታው ሥሩ ጠለቅ የሚል ሣር ይትከሉ።

ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን በየሄድኩበት አየዋለሁ፦ ዩሪያውን ጠብታ እንዳይነካው ቤት ውስጥ ያስቀመጠ ገበሬ ፍጉን ለወራት ዝናብ ላይ ይተወዋል። ሁለቱም ናይትሮጂን ናቸው። ከጓሮዎ የሚታጠበው የራስዎ ማዳበሪያ ነው፤ ጉድጓድዎን የሚመርዘውም እሱው።

ጉድጓዱ ቶሎ አይጠራም፤ ከአንድ ክረምት በላይ ሊፈጅ ይችላል። እስከዚያው ከዚህ ውኃ ለሕፃን ወተት አይበጥብጡበት። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 50 ሚሊግራም ሲሆን የእርስዎ እጥፍ ነው። ማፍላት አይረዳም፤ ውኃው ሲተን ናይትሬቱ ይበልጥ ይወፍራል። ሽታው እዳሪ እንደገባበት ስለሚጠቁም ትልልቆቹም ቢሆኑ ሌላ ውኃ ቢጠጡ ይሻላል።

ለከብቶቹ ይህ መጠን በአብዛኛው አያሰጋም። በጨጓራቸው ያሉ ባክቴሪያዎች የዚያን ካታሊስት ሥራ ይሠራሉና፦ ናይትሬቱን መጀመሪያ ናይትራይት፣ ከዚያ አሞኒያ ያደርጉታል። ናይትሬቱ ከአቅም በላይ ሲሆን ግን ናይትራይቱ ደም ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን ያሳጣል፤ ደሙም ቡናማ ይሆናል። የድድ መጥቆርና ቁና ቁና መተንፈስ ካዩ ውኃውን አቁመው የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ።