የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሊኑክስ ላይ የሚሰራው ሲግናል ማክ ላይ ለምን ፕሮግራሙን ይገድለዋል?

ጥያቄ፦ ሰላም የዓምዱ አዘጋጅ። በሲ የጻፍኩት ሊኑክስ ሰርቨር ላይ የሚሰራ ፕሮግራም አለኝ፣ ሎግ ፋይሉን ዘግቶ እንደገና እንዲከፍት ከስክሪፕት ሲግናል 10 (ሲግናል ለሚሰራ ፕሮግራም የሚላክ አጭር መልእክት ነው) እልክለታለሁ፣ እስካሁን አንድም ችግር አልነበረውም። አሁን ያንኑ ኮድ ማክ ላይ ኮምፓይል አድርጌ ያንኑ ስክሪፕት ሳስኬድ ፕሮግራሙ ወዲያው ይሞታል። ጓደኛዬ ደሞ ሶላሪስ ላይ ሲሞክረው ኮንትሮል ሲ መጀመሪያ ሲጫን ሃንድለሬ (ሲግናሉ ሲደርስ የሚጠራው ፋንክሽን) በደንብ ይሰራል፣ ሁለተኛ ሲጫን ግን ፕሮግራሙ ጭራሽ ይዘጋል። ሃንድለሩን ያስገባሁት ሲግናል በሚባለው ፋንክሽን ነው። ሁሉም ዩኒክስ መሰል አይደሉም እንዴ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ናቸው፣ ግን ሁለቱ ችግሮችህ ምንጫቸው ለየቅል ነው፣ የማኩ የቁጥር ጉዳይ ነው፣ የሶላሪሱ ደሞ የባህሪ።

ከቁጥሩ ልጀምር። በኢንቴልና በአርም ማሽን ላይ ያለ ሊኑክስ 10 ሲባል ሲግዩዘር1ን፣ ማለትም ፕሮግራመሩ ለራሱ ጉዳይ እንዲጠቀምበት የተተወውን ሲግናል ነው የሚያውቀው። ማክና ፍሪቢኤስዲ ላይ ግን 10 ማለት ሲግባስ ነው፣ ማለትም ፕሮግራም ሜሞሪን በማይሆን መንገድ ሲነካ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) የሚልከው ሲግናል፣ ሃንድለር ካላዘጋጀህለት ደሞ ፕሮሰሱን ይገድለዋል። እዛ ሲግዩዘር1 ያለው 30 ላይ ነው፣ ሶላሪስ ላይ 16 ነው፣ ሊኑክስ ራሱ እንኳን ሚፕስ ፕሮሰሰር ላይ 16 ያደርገዋል። ሰው የሚሸወደው 1፣ 2፣ 9 እና 15 በሁሉም ቦታ አንድ ስለሆኑ ነው፣ እነሱን አይቶ ሌላውም እንደዛ ይመስለዋል። የባሰውን ልንገርህ፣ ሊኑክስ ላይ 19 ብለህ ብትልክ ፕሮሰሱ ይቆማል፣ ማክ ላይ ያው 19 የቆመውን ቀጥል ማለት ነው። ፍጹም ተቃራኒ! ስለዚህ ስክሪፕትህ ውስጥ ሲግናል ከሚልከው ኪል ኮማንድ ቀጥሎ ቁጥር አትጻፍ፣ ስሙን ጻፍ፣ እሱም ሲግ የምትለዋን መነሻ አስቀርተህ፣ ፖዚክስ (የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች የጋራ ስታንዳርድ) የሚያውቀው እንደዛ ስለሆነ የትም ብትወስደው ይሰራል።

የሶላሪሱ ነገር ታሪክ አለው። በድሮው ዩኒክስ ሲግናል ሲመጣ ከርነሉ መጀመሪያ ሃንድለርህን አውልቆ ነገሩን ወደ ነባሪው (ሲስተሙ በራሱ ወደሚወስደው እርምጃ) ይመልስና ከዛ በኋላ ነው ሃንድለሩን የሚጠራው፣ ስለዚህ ሃንድለሩ ውስጥ ገብተህ ራስህን እንደገና ማስመዝገብ ነበረብህ፣ ብታስመዘግብም እስክታስመዘግብ ባለችው ቅጽበት ሌላ ሲግናል ከደረሰ ፕሮግራሙ አለቀለት፣ ይሄን ክፍተት ደሞ በምንም ኮድ መድፈን አይቻልም። ሲስተም ፋይቭ የሚባለው የዩኒክስ ዝርያ ይሄንን ጠባይ ይዞ ቀረ፣ ሶላሪስ ላይ ሲግናል የሚባለው ፋንክሽን ዛሬም እንደዛ ነው። የበርክሌይ ሰዎች ግን በ1983 4.2 ቢኤስዲ በሚባለው ዩኒክሳቸው አስተካከሉት፦ ሃንድለሩ እንደተመዘገበ ይቆያል፣ እሱ እየሰራ እያለ ያው ሲግናል ተይዞ ይጠብቃል፣ የተቋረጠ የማንበብና የመጻፍ ጥሪም (ሪድና ራይት) ራሱ ይቀጥላል።

ሊኑክስስ? የሊኑክስ ከርነል የራሱ የሲግናል ጥሪ የሲስተም ፋይቭን ጠባይ ነው የያዘው፣ አንተ የምትጠራው ግን የጂሊብሲን፣ ማለትም የሲ ላይብረሪውን ነው፣ እሱ ደሞ ከቨርዥን 2 ጀምሮ ውስጥ ለውስጥ ሲግአክሽን የሚባለውን ሌላ ፋንክሽን እየጠራ የቢኤስዲውን ጠባይ ይሰጥሃል። እዚህ ጋ በደንብ ልብ በል፣ ኮምፓይለሩን ጥብቅ ሲ99 ሁን ብለህ ካዘዝከውና ሌላ ነገር ካልጨመርክ ያው ጂሊብሲ ወደ ሲስተም ፋይቭ ይመለስብሃል። አንድ መስመር ኮድ ሳትነካ ፕሮግራሙ ሁለተኛው ኮንትሮል ሲ ላይ መሞት ይጀምራል፣ ምክንያቱን ኮዱ ውስጥ ብትፈልግ ብትፈልግ አታገኘውም።

በኔ እምነት ሲግናል የሚባለውን ፋንክሽን ዛሬ መጠቀም ያለብህ ሲግናሉን ወደ ነባሪው ለመመለስ ወይ ችላ ለማስባል ብቻ ነው። ሃንድለር ለማስገባት ሲግአክሽን ተጠቀም፣ ከ1988ቱ ፖዚክስ ጀምሮ ያለ ነው፣ የምትፈልገውን ጠባይ ራስህ በግልጽ ትነግረዋለህ፣ ሃንድለሩም ዝም ብሎ አይወልቅም። የሪስታርት ፍላጉን (የተቋረጠ ጥሪ ራሱ ይቀጥል የሚለውን ምርጫ) ብትሰጠው ግን ሁሉም ጥሪ ራሱ ይቀጥላል ብለህ እንዳትዘናጋ፣ ሊኑክስ ላይ ዳታ እስኪመጣ የሚጠብቁት ሰሌክት፣ ፖልና ኢፖል ፍላጉ ኖረም አልኖረም ተቋርጫለሁ የሚለውን ኤረር ነው የሚመልሱት፣ ስለዚህ ሉፕ ውስጥ አድርገህ ያንን ኤረር ካየህ እንደገና ጥራ።

ሳትጠይቀኝ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሎግ ፋይሉን ሃንድለሩ ውስጥ እየከፈትክ ከሆነ ከዛ አውጣው። ፕሪንትኤፍ፣ ማሎክ፣ ኤፍኦፕን ምናምን ሃንድለር ውስጥ አይጠሩም፣ ዋናው ፕሮግራም ማሎክ (ሜሞሪ መጠየቂያው) መሃል ላይ እያለ ሲግናሉ ከደረሰ እዛው ተቆልፎ ሊቀር ይችላል። ሃንድለሩ አንድ ባንዲራ ብቻ ያንሳ፣ ወይ ፓይፕ (ዋናው ሉፕ በሌላው ጫፍ የሚያነበው ቧንቧ) ላይ አንድ ባይት ይጻፍ፣ ቀሪውን ዋናው ሉፕ ይስራው። ሊኑክስ ከ2.6.22 ጀምሮ ሲግናልን እንደ ፋይል የምታነብበት ሲግናልኤፍዲ አለው፣ ማክና ቢኤስዲዎቹ ለዚሁ የሚያገለግል ኬኪው አላቸው፣ ሁለቱም ጥሩ ናቸው ግን አንዱ ሌላው ጋ የለም፣ ፓይፑ ግን ሊኑክስም ማክም ሶላሪስም ላይ ሳይቀየር ይሰራል፣ ላንተ እሱን ነው የምመክርህ።

ጥያቄ፦ ዲዲ በሚባለው ኮማንድ ትልቅ ዲስክ እየገለበጥኩ የት እንደደረሰ ለማየት ሊኑክስ ላይ ሲግዩዘር1 እልክለታለሁ። ማክ ላይ በስሙ ብልከውም ስራው መሃል ላይ ተቋረጠ። ስሙን ተጠቅሜ ለምን?

መልስ፦ እህቴ፣ ስሙ ትክክል ነው፣ የተለየው ዲዲው ነው። ሊኑክስ ላይ ያለው የጉኑ ዲዲ ለሲግዩዘር1 ሃንድለር አለው፣ የማኩ የለውም፣ ሃንድለር የሌለው ፕሮሰስ ደሞ ሲግዩዘር1 ሲደርሰው ይሞታል። ማክና ቢኤስዲዎቹ ለዚህ ስራ ሲግኢንፎ የሚባል የራሳቸው ሲግናል አላቸው፣ ሊኑክስ ላይ የሌለ፣ ዲዲ እየሰራ ያለበት ተርሚናል ላይ ኮንትሮል ቲ ስትጫኚ ይላካል፣ ስንት እንደተገለበጠ ወዲያው ይጽፍልሻል፣ ሲግኢንፎን የማያውቅ ፕሮግራም እንኳን ዝም ብሎ ያልፈዋል እንጂ አይሞትም። ሊኑክስ ላይ ደሞ ከኮርዩቲልስ (ዲዲ ያለበት የጉኑ ኮማንዶች ጥቅል) 8.24 ጀምሮ ዲዲን ስታስነሺ ስታተስ እኩል ነው ፕሮግረስ ካልሽው ራሱ እየነገረሽ ይሄዳል፣ ምንም ሲግናል መላክ አያስፈልግሽም።