ጨው የተነሰነሰበት የሚመስለው ዓሣ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? 40 ሊትር በሚይዝ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ሁለት ጎልድፊሽ ነበሩኝ። በቅርቡ ሦስተኛ ጨመርኩ። ከአራት ቀን በፊት የአንደኛው ጅራትና ክንፍ ላይ ጨው የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ወጣ። አሁን ሦስቱንም ይዟቸዋል፤ ድንጋዩ ላይ ይታከካሉ። ደንግጬ ውሃውን በሙሉ ደፋሁት፤ ፊልተሩንም በሳሙና ፈትጌ አጠብኩት። ጭራሽ ባሰባቸው። ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን አለ፤ ልበጥብጥላቸው? ልጄ ከእንቅልፉ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሄደው እነሱ ጋ ነው። እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ አሞክሳሲሊኑን ወደነበረበት መልሺው። ይሄ የባክቴሪያ ነገር አይደለም። የገለጽሽው “ኢክ” ወይም ነጭ ነጠብጣብ የሚባለውን በሽታ ይመስላል፤ የሚያመጣው ጥገኛ ተውሳክ ነው። አዲሱ ዓሣ ይዞት ሳይገባ አልቀረም።

በነገራችን ላይ ነጭ ያወጣ ሁሉ ታሟል ማለት አይደለም። ወንድ ጎልድፊሽ ለመራባት ሲደርስ የስንጥቡ (የሚተነፍስበት አካል) ክዳንና የፊት ክንፉ ጠርዝ ላይ ነጫጭ ነገር ይደረድራል። እኔ አንዱን ጎረምሳ ሳይታመም ሁለት ሳምንት አክሜዋለሁ! ያንቺዎቹ ግን ጅራታቸውም ላይ አለ፣ ሦስቱም ይታከካሉ፤ እዚህ ውስጥ አይገቡም።

የባሰባቸው በበሽታው ብቻ አይመስለኝም። ፊልተሩ ስፖንጅ ላይ ዓሣዎቹ የሚያስወጡትን አሞኒያ የሚባል መርዝ የሚያመክኑ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። በሳሙና ስትፈትጊው አብረው ሄዱ። ተመልሰው እስኪራቡ ሳምንታት ይፈጃል፤ እስከዚያ አሞኒያው ይጠራቀማል። ሳሙና የጠጣውን ስፖንጅ ጣዪና በአዲስ ተኪው። ከእንግዲህ ስፖንጅ የሚታጠበው ከገንዳው በተቀዳ ውሃ፣ ጨመቅ ጨመቅ ተደርጎ ብቻ ነው። ውሃውንም ሁለተኛ በሙሉ እንዳትደፊ። በየቀኑ ሩቡን እየቀነስሽ፣ ክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ የገባበትና ሙቀቱ ከገንዳው ጋር የተቀራረበ ውሃ ተኪ። ስትቀንሺ ቱቦውን ጠጠሩ መሃል አስገብተሽ ሳቢ፤ ለምን እንደሆነ ታች ይገባሻል።

ከዚያ ጨው። ምንም ያልተቀላቀለበት ተራ ጨው። ለጎልድፊሽ በሊትር 3 ግራም ነው። ገንዳሽ 40 ሊትር ይይዛል ማለት ግን 40 ሊትር ውሃ አለው ማለት አይደለም፤ ድንጋዩና ከላይ የተረፈው ክፍተት ይቀነሳል። 35 ብለሽ አስቢ፤ ጨውሽ 105 ግራም ይመጣል። በቀን 35 ግራም ለሦስት ቀን፣ በጆግ እያሟሟሽ ቀስ ብለሽ ጨምሪ። ዓሣው ላይ እንዳትነሰንሺ። ከዚያ በኋላ ጨው የምትጨምሪው በቀየርሽው ውሃ ልክ ብቻ ነው፤ ጨው አይተንም። ተክል ካለሽ ቀድመሽ አውጪው፣ ጨው አይወድም።

እኔ መጀመሪያ ሲገጥመኝ፣ በአምስተኛው ቀን ነጩ ጠፋና ደስ ብሎኝ ሕክምናውን አቆምኩ። በሳምንቱ ሁለት ዓሣ ሞቶ አገኘሁ። ነጩ የሚታየው ተውሳኩ ከቆዳቸው ሥር ተሸጉጦ ሲበላ ነው፤ እዚያ ጨውም መድኃኒትም አያገኘውም። ሲጠግብ ወርዶ ጠጠሩ ላይ ይለጠፍና በመቶዎች ይባዛል። ጨው የሚይዛቸው እነዚያ ልጆቹ ዓሣ ፍለጋ ሲዋኙ ነው። ነጩ ጠፋ ማለት እንግዲህ ምናልባት ታች ወርዶ እየተባዛ ነው ማለት ነው። ውሃው 25 ዲግሪ ከሆነ ዙሩ በሳምንት ገደማ ያልቃል፤ ሲቀዘቅዝ ይንቀራፈፋል። ማሞቂያ ካለሽ በቀን ከአንድ ዲግሪ ሳታሳልፊ 25 አድርሺው። የአየር ፓምፑ ሌሊትም አይጥፋ፤ የሞቀ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ትንሽ ነው።

ምግብ ቀንሺ፤ የተረፈው እዚያው ይበሰብሳል። በሳምንት ውስጥ ለውጥ ካላየሽ ለኢክ የሚሸጠውን መድኃኒት ግዢ፤ ስትጨምሪው ፊልተሩ ውስጥ ከሰል ካለ አውጪ፣ መድኃኒቱን ይመጥብሻል።

ልጅሽን ደግሞ ሥራ ስጪው። ጠዋት ጠዋት የእያንዳንዳቸውን ነጠብጣብ ይቁጠርና ደብተር ላይ ይጻፍ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢጨምር አትደንግጡ፣ ቀድሞ የገባው ገና እየወጣ ነው። ዜሮ ሲደርስ ደብተሩን እንዳይዘጋው፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት ዜሮ፣ ዜሮ እያለ ይጻፍ። ጨውሽም እስከዚያው ይቀጥል።